ቀንድ የመሰለችው ድንጋይ

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ ሲመጣ አውራ ጣት የምታክል ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። አንዱ ጫፏ ሹል፣ ሌላው ሰፊ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለች። ቡና ላይ የነበሩት ጎረቤታችን «ይቺማ የግልገል ቀንድ ናት» አሉ። እኔ ጥርስ መስላኝ ነበር። ኋላ እንዳወቅሁት ግን ቀንድ ኮራል የሚባል፣ ወደ ድንጋይነት የተቀየረ የጥንት የባህር እንስሳ ቅሪት ናት።

የመጀመሪያው ስህተቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ውስጧን ለማየት ጓጉቼ ሰፊውን አፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ለካ ኮራሉ ይኖርበት የነበረው ጎድጓዳ ያ ነው! ጠርዙ ጠፋ። አሁን ቢሆን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በውሃ አጥቤ፣ ፎቶ አንስቼ ነው የምጀምረው።

ውሃ ጠብ አድርጌ በማጉያ መነጽር ሳያት ከጠርዙ ወደ መሃል የሚሄዱ ስስ ግድግዳዎች ታዩኝ። ልክ አግድም እንደተቆረጠ ብርቱካን። ቀንድም ጥርስም ይህ የላቸውም። ውጪዋ ደግሞ እጥፋት በእጥፋት ነው፤ ኮራሉ ሲያድግ የተወው ምልክት። ሳይንሱ ይህን ወገን ሩጎሳ ይለዋል፤ በላቲን የተጨማደደ ማለት ነው።

ስሟ ላይ የደረስኩት ግን ለልጁ ደውዬ «ከየት ነው ያነሳሃት?» ስለው ነው። ኢንዲያና ውስጥ፣ ሪችመንድ አጠገብ፣ ለመንገድ ከተቆረጠ ኮረብታ ስር አለኝ። እዚያ ያለው አለት ወደ 445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የባህር ወለል ነው። በብዛት የሚወጣው ቀንድ ኮራል ግሬዊንግኪያ ይባላል። ቅርጹም መጠኑም ገጠመልኝ።

ወሬው ሲሰማ የሰፈር ልጆች ያመጡልኝ ጀመር። አንዱ እዚሁ ጎንደር ከአንገረብ ወንዝ ዳር ያነሳት ጥቁር ድንጋይ ልቤን አንጠልጥላው ነበር። ሎሚ ጠብ አደረግሁባት፤ ዝም። የኢንዲያናዋ ጥግ ላይ ግን ትንንሽ አረፋ ወጥቶ ነበር፤ ኖራ ናታ። (ሎሚው ስለሚበላት ቶሎ አጠብኳት።) ጎንደር የተቀመጠችው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። ቀንድ ኮራሎች ደግሞ የዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጠፍተዋል። የአባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ከባህር የቀረ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እዚያ ኮራል ቢገኝ እንኳ ሌላ ወገን ነው፤ ግድግዳዎቹ በስድስት በስድስት የሚደረደሩት።

ጥቁሯን ድንጋይ ያመጣው ልጅ ፊቱ ሲጨልም አየሁና ሁለቱንም መዳፉ ላይ አስቀምጬ መነጽሩን ሰጠሁት። ጥቁሯ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ቆጠረ። ጋዝ ታፍኖ የቀረባቸው ናቸው አልኩት። አሁን የሚያነሳውን ሁሉ በወረቀት ይጠቀልላል፤ ላዩ ላይ የወንዙን ስምና ቀኑን ይጽፋል።