«ውሻውን ውሰጂውና እንገላገል»

ሰላም ናችሁ? ጠፍቼ ነበር፣ የጠፋሁትም ውሻ ነክሶኝ ነው። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ማታ ላይ ነው ያለቀስኩት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሳሎን ልሄድ ወጣሁ (ለማታውቁኝ ፀጉር ሰሪ ነኝ)፣ ከኛ ቤት ሦስት ግቢ አለፍ ብሎ ያለው ቤት ዘበኛው መኪና ሊያስወጣ በሩን በርግዶ ሲከፍት ውሻው በመኪናው ጎን ሾልኮ ወጣና ምንም ሳይጮህ፣ ልብ በሉ አንዴም ሳይጮህ፣ ባቴን ያዘኝ። ዘበኛው በዱላ አስለቀቀኝ። ጂንሴ ተቀዶ ከስሩ አራት ቀዳዳ፣ ሁለቱ ጠለቅ ያሉ፣ ደሙ ደግሞ መጀመሪያ አልወጣም ነበር ትንሽ ቆይቶ ነው ጫማዬ ውስጥ የሞቀኝ። ባለቤትየው ከመኪናው ሳይወርዱ መስታወቱን ዝቅ አድርገው «አይዞሽ፣ የተከተበ ነው» አሉኝና ሄዱ። ሰፈር ውስጥ የተከበሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እኔም «እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» አልኩ። ችግር የለም! ደሜ እየፈሰሰ! ይሉኝታ የሚባለው ነገር አንድ ቀን ሳይገድለን አይቀርም።

ቤት ስመለስ እማዬ የቡና ዱቄት ይዛ መጣች ልትነሰንስብኝ። ደግነቱ ግቢያችን የተከራየችው ልጅ ነርስ ናት፣ ከእጇ ቀማቻትና ቧንቧ ስር አስቀምጣኝ በሳሙና አስራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጠበችኝ፣ በስልኳ ሰዓት ይዛ። ያቃጥላል በጣም፣ ግን ለእብድ ውሻ በሽታ ከክትባቱ በፊት ትልቁ ነገር እሱ ነው አለችኝ፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። ሌላ ሁሉ ቢረሳችሁ ሳሙናውን አትርሱ።

ከዛ ክሊኒክ። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ፣ አንቲባዮቲክ፣ የእብድ ውሻ ክትባት መጀመሪያ ቀን፣ ከዛ በ3ኛው በ7ኛው በ14ኛው በ28ኛው ቀን ብለው ካርድ ሰጡኝ። ክንድ ላይ ነው የሚወጉት። እማዬ አላመነችም፣ በነሱ ጊዜ ፓስተር የሚባለው ተቋም ተኬዶ በየቀኑ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው፣ ከአስር ቀን በላይ፣ ስታወራው አሁንም ሆዷን ትይዛለች። ውሻውን ደግሞ አስር ቀን ታስሮ ይታይ አሉ፣ በአስር ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ ሲነክስ በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው። ስለዚህ እንዳይገደል እንዳይጠፋም ለዘበኛው ነገርኩት።

በሦስተኛው ቀን ደረሰኞቼን ይዤ እያነከስኩ ጋሼ ቤት ሄድኩ። የክትባቱ ካርድ ይኑር አይኑር ስጠይቃቸው «ይኖራል፣ ይፈለጋል» አሉኝ፣ እስከዛሬ እየተፈለገ ነው። የሕክምናውን ነገር ሳነሳ ፊታቸው ተቀየረ። «ውሻ ነው እንጂ እኔ አልነከስኩሽ፣ ደግሞ በሩን የከፈተው ዘበኛው ነው፣ ብር ከፈለግሽ ውሻውን ውሰጂውና እንገላገል!» አሉኝ። እየቀለዱ እየተቆጡ። አፍሬ ወጣሁ።

ሳምንት ቆይቼ ሥራ ስገባ (ቁጭ እያልኩ ነው የሰራሁት፣ ሹሩባ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይሰራም) አንዲት ደንበኛዬ ጠበቃ ናት፣ ፀጉሯን እየከፋፈልኩ ነገርኳት። ውሻውን ውሰጂው ያሉኝ ጋ ስደርስ በሳቅ ሞተች። «ሳያውቁት እኮ ሕግ ጠቀሱልሽ» አለችኝ።

ለካ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ጉዳይ ራሱን የቻለ ቦታ አለው። ቁጥር 2071 የእንስሳው ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳይታሰብ ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ባይጠብቅም። ማለትም እኔ «ጋሼ ጥፋተኛ ናቸው» ብዬ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ውሻው የሳቸው መሆኑን፣ እንደነከሰኝ፣ ስንት እንዳወጣሁ ካሳየሁ በቃ። ጥፋት የለብኝም ማለት አያድናቸውም፣ ሌላ ሰው ነው ያጠፋው ማለትም አያድናቸውም፣ የሚያድናቸው ጥፋቱ የኔ የተነካሹ ከሆነ ነው፣ ለምሳሌ በድንጋይ እየደበደብኩት ቢሆን። ውሻው ሌላ ሰው እጅ እያለ ከሆነ ደግሞ፣ ተውሶትም ይሁን ሊጠብቅ ተቀብሎት፣ ያ ሰው በ2072 ይጠየቃል። ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻ ከነከሳችሁ ግን ማንን ትከሳላችሁ፣ ያው ክትባታችሁን ከኪሳችሁ ነው።

አሁን ወደ «ውሰጂው» እንመለስ። ቁጥር 2074 ላይ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከኃላፊነት መውጣት ይችላል የሚል ነገር አለ! ማመን ነው ያቃተኝ። በሬ ቢሆን እሺ፣ የነከሰኝን ውሻ ቤቴ አስገብቼ ልቀልብ ነው? ግን እዛው ላይ ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ጥፋት ወይም እሱ በሚጠየቅበት ሰው ጥፋት ከሆነ እንስሳውን አስረክቤ ልገላገል ማለት አይሰራም። ዘበኛ ደግሞ ሥራውን ሲሰራ ላጠፋው ጥፋት አሠሪው ይጠየቃል፣ 2130። ውሻው ሳይታሰር በሩን በርግዶ መክፈት ጥፋት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? «በሩን የከፈተው ዘበኛው ነው» ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ደንበኛዬ ይሄን ስትለኝ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

ካሳው ከደረሰው ጉዳት እኩል ነው፣ ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ የተቀደደ ልብስ፣ የቀረ ገቢ። የኔ ችግር ገቢው ላይ ነበር፣ ደሞዝተኛ አይደለሁማ፣ ማን ይመሰክርልኛል? ያለኝ የየቀኑን ሂሳብ የምጽፍበት ጠርዙ ቅባት የነካው ደብተር ብቻ ነው። እሱን ያዥ አለችኝ፣ ልኩ በትክክል የማይታወቅ ጉዳት ሲሆን ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ባለው ልክ፣ መገመት ይችላል፣ ግን ከምንም ይገምት ማለት አይደለም። የሞራል ካሳም አለ፣ ጣሪያው ግን አንድ ሺህ ብር ነው፣ 2116 ላይ፣ ያኔ በ1952 የተጻፈ፣ እስከዛሬ አንድ ሺህ። ያኔ ብዙ ብር ነበር ይሆናል። ዛሬ ለድንጋጤዬ፣ ውሻ ባየሁ ቁጥር ለሚንቀጠቀጠው ጉልበቴ አንድ ሺህ ብር! ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ የሚያሻሽለው ሰው ይምጣ።

ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት አለሽ፣ ግን ማስረጃ ሁለት ዓመት አይጠብቅም አለችኝ። ቁስሉ ትኩስ እያለ ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ደረሰኝ በሙሉ፣ ያየ ሰው ስልክ፣ ፖሊስ ጋ ሄዶ ማስመዝገብ። በቸልተኝነት አካል መጉዳት ወንጀልም ነው፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 559። እኔ ፎቶውን ያነሳሁት እህቴን በቴሌግራም ላስለቅሳት ነበር፣ በኋላ ዋናው ማስረጃዬ ሆነ ሃሃ።

ፍርድ ቤት ግን አልሄድኩም። የጎረቤት ነገር ነው፣ እድራችን አንድ ነው፣ ነገ እኔ ብሞት ድንኳን የሚተክሉት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ላክሁ፣ ሦስት ሰው፣ ከነደረሰኙ ኮፒ ከነሕጉ ቁጥር። ጋሼ መጀመሪያ ቀን «ይቅር ትበለኝ» ብለው ትንሽ ብር በፖስታ ላኩ፣ ከፖስታው ጋር ደግሞ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ነበረው። ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር። ያኔ ገና ሁለት ክትባት ይቀረኛል፣ ቁስሉም አንዱ መመርቀዝ ጀምሮ ነበር። ዕርቅ በወረቀት ከተፈረመ እንደ ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ ተመልሶ መጠየቅ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ሕክምናዬ ሳያልቅ አልፈርምም አልኩ፣ ሽማግሌዎቹ ትንሽ ቅር አላቸው፣ አንዱማ «ልጅ ሆይ፣ ብር ነው ወይስ ሰው የሚበልጠው?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

የ28ኛው ቀን መርፌ ካለቀ በኋላ ተቀመጥን። ሕክምናውን በሙሉ፣ የዘጠኝ ቀን ገቢዬን በደብተሩ ሂሳብ፣ ሱሪዬንም ከፈሉ። የሞራሏን አንድ ሺህ ራሴ ተውኳት፣ ለቡና ትሁን ብዬ። ውሻው አስር ቀኑን በሰላም ጨርሷል፣ አሁን ቀን ቀን ይታሰራል።

ባለፈው ሳምንት በራቸው ላይ አዲስ ታፔላ አየሁ፣ በቀይ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። ለደንበኛዬ ፎቶ ላኩላትና ከእንግዲህ ቢነክሰኝ ታፔላው ያድናቸዋል ወይ አልኳት። ታፔላው ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ለሚገባ ሰው ነው፣ መንገድ ላይ ለምታልፊው ላንቺ ምንም አይልም አለችኝና ደግሞ ጻፈች፦ «ይልቅ ከውስጥ በኩልም ይለጥፉለት፣ ለውሻው»።