በመነጽር ውስጥ ያሉትን ጭረቶች ማንበብ፦ የሁለት ወር ልምምዴ

በባለ መነጽር ጠመንጃ ሬቲክል (በመነጽሩ ውስጥ በሚታየው የመለኪያ ምልክት) ላይ የሚታዩት ነጥቦችና ጭረቶች ምን እንደሚለኩ ለመረዳት መለማመድ ከጀመርሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ጠመንጃ የለኝም፤ የምለማመደው ተመሳሳይ ጭረቶች ባሉት፣ ስምንት ጊዜ አቅርቦ በሚያሳይ አሮጌ የሩሲያ ባይኖኩላር ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ጭረት የተወሰነ ሜትር የሚያመለክት ይመስለኝ ስለነበር፣ ጅሬን ላይ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሜ ወደ ጅማ ከተማ እያየሁ የማወጣው ቁጥር ሁሉ የማይሆን ነበር።

ነገሩን የገለጠልኝ የራሴ የቅየሳ ሥራ ነው። በሌቭል (በቅየሳ መነጽር) ውስጥ የላይኛውንና የታችኛውን አጭር መስመር በስታፉ፣ ማለትም ርቀት ላይ በሚቆመው ባለ ቁጥር ዘንግ፣ ላይ አንብበን ልዩነቱን በ100 ስናባዛ ርቀቱን እናገኛለን፤ ልዩነቱ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ርቀቱ 40 ሜትር ነው። ይህ የሚሠራው በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን ስለማይለወጥ ነው። የሬቲክሉም ጭረት የሚለካው ማዕዘንን ነው። አንድ ሚሊራዲያን፣ በአጭሩ አንድ ሚል፣ በ1000 ሜትር ላይ 1 ሜትር፣ በ100 ሜትር ላይ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ የምናየው ነገር ቁመት በሜትር አስቀድሞ ከታወቀ፣ በ1000 አባዝቶ ለተነበበው ሚል ማካፈል ርቀቱን ይሰጣል።

ይህን ይዤ አንድ እሑድ ቦዬ አካባቢ አንድ የሥራ ባልደረባዬ 4 ሜትር ስታፍ አቁሞልኝ ለካሁ። ስታፉ ሁለት ጭረት ስለሸፈነ ርቀቱን 2000 ሜትር ብዬ መዘገብሁ፤ እየተጣራን የምንሰማማ መሆናችንን እንኳ ልብ አላልሁም። ለካስ በዚህ ባይኖኩላር አንዱ ትንሽ ክፍል 5 ሚል ኖሯል። ንባቡ 10፣ ርቀቱም 400 ሜትር ሆነ። መሬት ላይ በተዘረጋ ሜትር ስንለካው ግን 380 ሜትር ገደማ ወጣ። የሩሲያው ሚል ክብን ለ6000 የሚከፍል ሲሆን በትክክለኛው ሚሊራዲያን ግን አንድ ክብ 6283 ገደማ ስለሚሆን፣ የኔው መነጽር ሚል በ5 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በዚህ ሲታረም ርቀቱ 382 ይሆናል። ይሁንና ግማሽ ሚል አሳስቶ ማንበብም ይህንኑ ያህል ልዩነት ስለሚያመጣ፣ በአንድ ልኬት አልመካም።

የጠመንጃ መነጽር ላይ ሲመጣ ሁለት ነገር መጠንቀቅን ይጠይቃል። የማጉላት መጠኑ በሚለዋወጥ መነጽር፣ ሬቲክሉ ከምስሉ ጋር አብሮ የማያድግና የማያንስ ከሆነ፣ ጭረቶቹ ትክክለኛ የሚሆኑት አምራቹ በወሰነው የማጉላት መጠን ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው የመለኪያ መደባለቅ ነው፤ የዲግሪ 1/60 የሆነው ኤም ኦ ኤ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አንድ ሚል 3.44 ኤም ኦ ኤ ነው። ሬቲክሉ በሚል፣ የመነጽሩ ማስተካከያ ቁልፍ ደግሞ በሩብ ኤም ኦ ኤ የሚቆጥር ከሆነ፣ የ2 ሚል ስሕተት ለማረም 27 ወይም 28 ጊዜ ቀጭ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በ0.1 ሚል በሚቆጥረው ግን 20 ይበቃል።

አሁን የምታገለው በጭረቶች መካከል ያለውን ክፍተት በዓይን ከመክፈል ጋር ነው። የ50 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ በ100 ሜትር ላይ አንድ ክፍል፣ በ200 ሜትር ላይ ግማሽ ያህል ስለሚሸፍን ሁለቱን እለያለሁ፤ 150 ሜትር ላይ ያለውን ሁለት ሦስተኛ ግን እስካሁን ግማሽ እያልሁ እመዘግባለሁ።