አርባ ምናምን ኮርስ፣ አንድ ፔንዱለም

ፊዚክስ ሦስተኛ ምርጫዬ ነበር። ፍሬሽማን አልቆ የዲፓርትመንት ምደባ ሲለጠፍ ስሜን ያገኘሁት ካላሰብኩት ዝርዝር ውስጥ ነው። የዶርም ልጆች «አይዞሽ» አሉኝ፣ ሰው የሞተብኝ ይመስል። እዚሁ ጎንደር አዘዞ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«ፊዚክስ ተምረሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«ፊዚሲስት።»

«እሱማ ገባኝ። ሥራሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

እስከ ምርቃቴ ድረስ በቅጡ አልመለስኩላትም። ኮርሶቹን እንዴት እንደተወጣኋቸውና የት እንደወደቅሁ ግን መናገር እችላለሁ። ዘንድሮ ፊዚክስ ደርሶት አንገቱን የደፋ ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

መጀመሪያ ምን ምን እንደሚወሰድ። ፍሬሽማን ላይ ከፊዚክስ ይልቅ ሌላው ይበዛል፤ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ማትስ። ዲፓርትመንት ሲገባ መካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ዌቭና ኦፕቲክስ፣ ሞደርን ፊዚክስ ይመጣሉ፤ ከጎናቸው ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ። ቀጥሎ ማቲማቲካል ሜተድስ አለ፣ ለፊዚክስ የሚያስፈልገው ሒሳብ፤ እኛ «ማት ሜተድ» ነው የምንለው። እሱን የተሻገረ ክላሲካል መካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም አንድና ሁለት፣ ቴርማልና ስታትስቲካል፣ ሶሊድ ስቴት፣ ኒውክሌር፣ ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒዩቴሽናል ይጠብቁታል። በየመሃሉ ላብ (የቤተ ሙከራ ሥራ) አለ። መጨረሻ ላይ ፕሮጀክት፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና። ትራንስክሪፕቴ ላይ ብቆጥር አርባ ምናምን ኮርስ ሆነ። መሃል ላይ ትምህርቱ ስለተቆራረጠ አራቱ ዓመት አራት ዓመት ብቻ አልሆነም፤ እሱን ልተወው።

የመጀመሪያው ላባችን ፔንዱለም ነበር። አንድ ሜትር ክር፣ ጫፉ ላይ የብረት ኳስ፣ አንድ ስቶፕዎች። ኳሷን ትንሽ ሳብ አድርጎ መልቀቅ፣ የ20 ደርሶ መልስ ጊዜ መያዝ። ከክሩ ርዝመትና ከጊዜው ጂ ይወጣል፤ የስበት ፍጥንጥነት ማለት ነው። ሦስት ሆነን ሠራን። 40.5 ሰከንድ መጣ። ስናሰላው 9.63። መጽሐፉ 9.81 ይላል። ደገምነው፤ ያው ነው። ሰዓቱ ለምሳ እየተቃረበ ነው፣ የካፌው ሰልፍ ደግሞ ይታወቃል። ዳታውን ኩክ አደረግነው። 9.81 እንዲወጣ ወደ ኋላ አስልተን 40.11፣ 40.12፣ 40.13 ብለን ሞላን። ሰንጠረዡ ሲያምር!

ሪፖርቱ ሲመለስልን ከሰንጠረዡ ጎን በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፎበታል፤ «ለንደን ነው የሠራችሁት?» ቢሮው ሄድን። መምህሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

«በእጅ የሚጫን ስቶፕዎች ሦስት ጊዜ በመቶኛ ሰከንድ የሚስማማላችሁ፣ ምን ዓይነት ጣት ቢኖራችሁ ነው?»

ዝም አልን። ከዚያ አስረዳን። 9.81 ለንደንና ፓሪስ አካባቢ የሚገኝ ቁጥር ነው። ምድር ስለምትሽከረከር፣ ወገቧም ላይ ሰፋ ስለምትል፣ ወደ ምድር ወገብ በተጠጋን ቁጥር ጂ ይቀንሳል። ከፍታም ትንሽ ይቀንሰዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች፤ እዚህ 9.78 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ጣታችን 0.2 ሰከንድ ብትዘገይ ከ40 ሰከንዱ ግማሽ ፐርሰንት ነው። ቀመሩ ውስጥ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ጂ ላይ ሲደርስ አንድ ፐርሰንት፣ 0.1 ያህል ይሆናል። በዚያ ዕቃ 9.78ን ከ9.81 መለየት ራሱ አይቻልም።

«እሺ፣ እውነተኛው ስንት መጥቶላችሁ ነበር?»

«9.63» አልኩት፣ እያፈርኩ።

«ክሩን የለካችሁት እስከ የት ነው?»

እስከ ኳሷ አናት። መለካት የነበረበት እስከ መሃሏ ነው። ኳሷ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላት። 1.5 ሳንቲ ሜትር ጎድሎብናል ማለት ነው። እዚያው ካልኩሌተሬን አውጥቼ አስተካክዬ አሰላሁት። 9.77።

ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ዳታው የት ጋ እንደተሳሳትን ሊነግረን ሲታገል እኛ አፉን አፍነነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ላብ ውስጥ «እንትን ያህል ይሳሳታል» የሚለውን ዓምድ ሳልሞላ ውጤት ጽፌ አላውቅም። እሱ ዓምድ የሌለው ቁጥር ወሬ ነው።

ከላብ ተማርኩ ማለት ግን ከሁሉ ተማርኩ ማለት አይደለም። ማት ሜተድ ላይ ኤፍ በላሁ። በማንም አላሳብብም። የድሮ ፈተናዎችን ሰብስቤ ነበር የምሸመድደው። ፎሪየር፣ ኮምፕሌክስ፣ ሌዠንድር የሚባሉትን የሒሳብ ዘዴዎች ሁሉ እንደ ዳዊት ደገምኳቸው። ፈተናው ላይ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል እኔም ዞረብኝ። ኮርሱ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ያለ እሱ ደግሞ ኳንተም አንድ አይወሰድም። ጓደኞቼ ወደፊት ሲሄዱ እኔ ከታች ባች ጋር ማት ሜተድ ልደግም ቁጭ አልኩ። ከሠላሳ ምናምን ተማሪ ሴቶች አራት ብቻ ስለነበርን መቅረቴ ቶሎ ይታያል።

የሚገርመው ያ ዓመት ነው ያተረፈኝ። ማታ ማታ ባዶ ክላስ ፈልገን ከሁለት ልጆች ጋር ሰሌዳ ላይ መሥራት ጀመርን። ሕጋችን ቀላል ነበር። ማስታወሻ ተዘግቶ አንዱ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፣ ሌሎቹ «ለምን?» ይላሉ። መልስ የሌለው ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እንቀጥላለን። ሃንድአውት አንብቤ «ገብቶኛል» የምለው ነገር ግማሹ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ አልገባኝም ነበር።

አንዱ ልጅ ዲያቆን ነው። አንድ ማታ ስለ ፔንዱለም ስናወራ እንዲህ አለ፤ «ጽና እኮ እጄ ካላስቸኮለው፣ ጠበብ ባደርገውም ሰፋ ባደርገውም ምቱ አይለወጥም።» ከየት አመጣው ብለን ሳቅን። ልክ ነው ግን። ከመሃል በራቀ ቁጥር ወደ መሃል የሚመልሰው ኃይል በዚያው ልክ ይበረታል። ሩቅ የሄደው በፍጥነት ስለሚመለስ ጊዜው እኩል ይሆናል። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። ሌላኛዋ ልጅ ትክ ብላ አይታው፣ «ይኼ እኮ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ የነበረው ነው» አለች።

ደብተር አገላበጥን። እውነትም! ኮይል (የሽቦ ጥቅልል) እና ቻርጅ የሚያጠራቅም ካፓሲተር የተያያዙበት ሰርኪዩት ነው። ቻርጁ ከካፓሲተሩ ወጥቶ በኮይሉ ያልፋል፣ ይመለሳል። ኮይሉ የኳሷን ክብደት ቦታ ይዟል፤ ካፓሲተሩ የመላሹን ኃይል። ፊደሉ ተለወጠ እንጂ ያው ፔንዱለም ነው። ሁለቱን ለየብቻ ሸምድጄ፣ ለየብቻ ተፈትኜ፣ ለየብቻ ረስቻቸው ነበር።

ከዚያ ማታ በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ገጽ። ላዩ ላይ «ከየትኛው ኮርስ ምን ይዞ መጣ?» የሚል ጥያቄ ብቻ። ፔንዱለሙ በየገጹ ብቅ ይላል። ክላሲካል መካኒክስ ላይ ላግራንዥ የሚባለውን ዘዴ የተለማመድነው በእሱ ነው። ሶሊድ ስቴት ላይ አቶሞቹ በስፕሪንግ እንደተያያዙ ኳሶች ይቆጠራሉ። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 ጠጣር ነገር ሲቀዘቅዝ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ለምን እንደሚወርድ ያስረዳው እያንዳንዱን አቶም ለብቻው እንደሚወዛወዝ ኳስ ቆጥሮ ነው፤ ዲባይ የሚባል ሌላ ፊዚሲስት በ1912 አሻሻለው። ኳንተም ላይ ደግሞ የሚወዛወዘው ነገር ኢነርጂ እንደ ደረጃ እኩል እኩል ተቆርጦ ይመጣል፣ የታችኛው ደረጃም ዜሮ አይደለም። የአንድ እርከን ግማሽ ነው። ፍጹም ዝም ብሎ የሚቆም ፔንዱለም የለም ማለት ነው። ይኼን ያነበብኩ ማታ ዶርም ተመልሼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የፈተና ጭንቀት ያልሆነ እንቅልፍ ማጣት ያኔ ነው ያወቅኩት።

ማት ሜተድን በድጋሚው ቢ ይዤ ወጣሁ። ሌዠንድርም ምን እንደሚሠራ ቆይቶ ገባኝ። ኤሌክትሮዳይናሚክስ ላይ የኳስ ቅርጽ ያለው ነገር ሲመጣ እሱ አለ፤ ኳንተም ላይ ሃይድሮጂን አቶም ሲመጣም እሱ አለ። ሊኒየር አልጀብራን ግን አቃልዬው ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አይገንቫሉ የሚባለው ከማትሪክስ የሚወጣ ቁጥር ለሚድ ብቻ የሚጠና ነገር መስሎኝ። ኳንተም ማለት ግማሹ እሱ ነው። እንደገና ልጀምር ብባል እሱን ነበር በደንብ የምቸክለው፤ ፕሮግራሚንግም ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ እጀምራለሁ።

የፕሮግራሚንጉን ላውራው። ኮምፒዩቴሽናል ላይ ፔንዱለም በፓይተን ሥሩ ተባልን። አንድ ላፕቶፕ ለሦስት። ኦይለር የሚባለውን ቀላሉን ዘዴ ተጠቅሜ ጻፍኩት። ሠራ! ኳሷ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች። ትንሽ ቆይቼ ሳየው ግን ከፍ ከፍ እያለች ነው። ማንም ሳይገፋት። ጭራሽ ዞራ ሄደች። ሁለት ቀን ኮዱ ውስጥ የትየባ ስህተት ፈለግሁ። አልነበረም። ስህተቱ ከዘዴው ነው፤ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ኢነርጂ ይጨምራል። መጀመሪያ ፍጥነቱን አድሶ፣ ቦታውን በአዲሱ ፍጥነት ማስላት ነው መፍትሔው። አንድ መስመር ቦታ ማቀያየር። ኮምፒውተሩም የሚሳሳትበት ዓምድ አለው ለካ። እግረ መንገዴን የዲያቆኑንም ነገር ፈተንኩት። ትንሽ ትንሽ ሲወዛወዝ ልክ ነው። 60 ዲግሪ ድረስ ከተወሰደ ግን እያንዳንዱ ደርሶ መልስ 7 ፐርሰንት ያህል ይረዝማል። ነገርኩት። «ጽና 60 ዲግሪ አይወዛወዝም፣ ፍሙ ይደፋል» አለኝ። ክርክሩን አሸነፈ።

ቴርማል ላብ ላይ ውሃ አፍልተን ቴርሞሜትር ነከርን። 93 ላይ ቆመ። የጎን ቡድኑ ቴርሞሜትር ሊቀይር ተነሣ። እኔ 93 ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። እናቴ ባቄላው አልበስል አለኝ እያለች ማገዶ ስትጨምር የኖረችው ለዚሁ ነው።

የመውጫ ፈተናው 100 የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው 50። ሰው ሁሉ ሃንድአውት ተሸክሞ ሲሯሯጥ እኔ ያቺን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። የረሳሁት ብዙ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ግን መልሼ አወጣው ነበር። ኒውክሌር ላይ ያ አልሠራልኝም፤ እሱ ላይ የሸመደድኩትን ሸምድጄ ገባሁ። አለፍኩ። ውጤቴን ለእናቴ ብቻ ነው የነገርኳት።

ከተመረቅሁ በኋላ አዘዞ ግቢያችን ውስጥ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ክር አሰርኩ። ድንጋይ አንጠለጠልኩበት። እስከ ድንጋዩ መሃል 1.5 ሜትር። መቶ ደርሶ መልስ ልቆጥር፣ ጊዜውን በስልኬ ልይዝ። እናቴ ቆጠራውን ያዘችልኝ። ስድሳ ሦስት ላይ ቡናው ሊገነፍል ነው ብላ ተነሣች። ከአንድ ጀመርን።

በሁለተኛው 246.4 ሰከንድ መጣ። 9.75።

«ትክክለኛው ስንት ነው?» አለች።

«9.78 ገደማ።»

«ታዲያ ተሳስተሻላ።»

ደብተሩ ላይ ከ9.75 አጠገብ «ሲደመር ሲቀነስ 0.03» ብዬ ጻፍኩና አሳየኋት። ትንሽ አየችው። ከዚያ ስኒውን አቀበለችኝ።