ዘጠነኛዋ ቢት

ዛሬም ሰው ማግኘት አላሰኘኝም። ዝናቡ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ። መሳቢያውን ከፍቼ አርዱዪኖ ኡኖና ኢኤስፒ32 የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች አወጣሁ። እስቲ እነሱ ይነጋገሩ።

የአንዱን ቲኤክስ (መላኪያ) ከሌላው አርኤክስ (መቀበያ)፣ ግራውንዱን (የዜሮ ቮልት መስመሩን) ከግራውንድ። ኡኖ የሚልከው በ5 ቮልት ነው፤ ኢኤስፒው የሚችለው ደግሞ 3.3። ስለዚህ ከኡኖ በሚወጣው መስመር ላይ ቮልቱን የሚቀንሱ ባለ1 እና ባለ2 ኪሎኦም ሬዚስተሮች አስገባሁ። ፍጥነቱ በሁለቱም በኩል በሰከንድ 9600 ቢት፤ ቢት ማለት አንዲት 0 ወይም 1 ናት። ኡኖ ይቆጥራል፣ ኢኤስፒው ተቀብሎ ላፕቶፑ ላይ ያሳየኛል። ሠራ።

ከዚያ ሽቦውን ነቀልኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ቆመ። ቆይቼ መልሼ ስሰካው ግን ኡኖ የት ደርሷል! ሰሚ ሳይኖረው ሲቆጥር ነበር ማለት ነው።

ሲሪያል የሚባለው ይህ የሽቦ ንግግር እንዲህ ነው። ይናገራል እንጂ የሚሰማው ይኑር አይኑር አያውቅም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው አይቱሲ የሚባል የመነጋገሪያ ዘዴ ግን ሌላ ነው። ከየስምንቱ ቢት በኋላ ዘጠነኛ አለች። ላኪው መስመሩን ለቆ ይጠብቃል። ተቀባዩ ኤስዲኤን (የመረጃውን መስመር) ወደ ታች ከሳበው ደርሶታል። የሚስብ ከጠፋ ላኪው እዚያው ያውቃል።

እማዬ ስልክ ላይ ልክ እንደዚህ ናት። በየመሀሉ «እህ» ካላልኩ ወሬዋን ታቆማለች። «አለህ?» ትላለች። አለሁ። ግን «እህ» ማለቴ መስማቴን እንጂ ልብ ማለቴን አያሳይም። ዘጠነኛዋም ቢት እኮ ከዚህ አትበልጥም። ባይቱ (ስምንቱ ቢት) ደረሰ ትላለች፤ ይግባው አይግባው የእሷ ጉዳይ አይደለም።

የምቀናው ሌላ ነገር ላይ ነው። አይቱሲ ላይ ቀርፋፋው ወገን ኤስሲኤልን (የሰዓት ምቱን መስመር) ዝቅ አድርጎ ይዞ ሌላውን ማስጠበቅ ይችላል። ይቀየመኛል ብሎ አይሳቀቅም። እኔ «ቆዪ እማ፣ የበፊቱ ገና አልገባኝም» ብላት «አሞሃል እንዴ?» ነው የምትለኝ። ስለዚህ «እህ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ትናንት ማታ ግን መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር ጠይቃኝ «እሺ» ብያለሁ። በጣም ደስ ብሏት ነው ስልኩን የዘጋችው፤ መርቃኛለችም። ምን ላይ እሺ እንዳልኩ ግን እስካሁን አላውቅም። መልሼ እንዳልጠይቃት ደግሞ አፈርኩ። ዛሬ ጠዋት ታናሽዬ «ለመሆኑ ሱፍ አለህ?» ብላ ጽፋልኛለች።

ሱፍ ለምኑ?