የማይሠራውን ይዛችሁ ኑ

ጉማራ ከጣና ሐይቅ ገባር ወንዞች አንዱ ነው። በክረምት ምን ያህል ውሃ እንደሚያመጣ በኮምፒውተር ሞዴል ለማስላት ስሞክር ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። በእጄ ሁለት ዓይነት የዝናብ መረጃ ነበረኝ። አንዱ በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በሰው እጅ የተመዘገበ ነው። ሌላው ቺርፕስ የሚባለው ነጻ መረጃ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ምልከታ ከጣቢያ ልኬት ጋር አዋሕዶ ያቀርባል። የወር ድምራቸው በደንብ ይስማማል። በቀን ሲነጻጸሩ ግን የተኳረፉ ጎረቤታሞች ይመስላሉ፤ አንዱ ዘነበ ሲል ሌላው ፀሐይ ነበር ይላል። ኮዴን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አነበብኩት። ጣቢያውን ወቀስኩ፣ ሳተላይቱን ወቀስኩ፣ አንድ ሌሊትማ ኮምፒውተሬን ሳይቀር ወቅሻለሁ።

መልሱ ከእኔ ቢሮ አራት በር አለፍ ብሎ ነበር። እዚያ የወባ ስርጭትን በሞዴል የምታጠና ባልደረባ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በኮሪደሩ ላይ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር ስለ ሥራ አውርተን አናውቅም። እኔ የውሃ ሰው፣ እሷ የጤና ሰው፤ ምን ያገናኘናል?

አንድ ቀን መብራት ጠፋና ግቢው ውስጥ ካለችው ጀበና ቡና ሻጭ ዘንድ ተገናኘን። ብሶቴን ዘረገፍኩላት። ስኒዋን እንደያዘች ጠየቀችኝ፤

«ጣቢያው ላይ ዝናቡን የሚለኩት በስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት በሦስት ሰዓት።»

«ታዲያ ትናንት ከሰዓት በኋላ የዘነበውን በየትኛው ቀን ይጽፉታል?»

ዝም አልኩ። ጠዋት የሚለካው ዝናብ ያለፉት 24 ሰዓታት ድምር ነው። የደጋው የክረምት ዝናብ ደግሞ በአብዛኛው ከቀትር በኋላና ማታ የሚወርድ ነው። ስለዚህ የሰኞ ዝናብ በእኔ ፋይል ውስጥ በማክሰኞ ስም ተቀምጧል፤ ሳተላይቱ ግን ሰኞን ሰኞ ይለዋል። ይህን የትኛውም የሜትሮሎጂ ተማሪ ያውቀዋል። እኔም ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሁልጊዜ ስለማውቀው ማየት አቁሜ ነበር።

እሷ ወዲያው የገባት ቀን ማንሸራተት የዘወትር ሥራዋ ስለሆነ ነው። ዝናቡ ይጥላል፣ ውሃው ያቁራል፣ እጩ ያድጋል፣ ትንኟ ትነድፋለች፣ በሽታው በሰውነት ውስጥ ጊዜውን ይወስዳል፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ነው ጤና ጣቢያ የሚመጣው። በብዙ የአገራችን ክፍል ወባ የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የዝናቡን ሰንጠረዥ በሳምንት በሳምንት እያንሸራተተች ከታማሚዎች ቁጥር ጋር የሚገጥምበትን ቦታ ትፈልጋለች። የእኔ ችግር አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በአንድ መስመር ኮድ ተስተካከለ። ተዛምዶው ፍጹም ሆነ ማለቴ አይደለም፤ ቺርፕስ የቀኑን መጠን የሚያገኘው የአምስት ቀን ድምርን በመከፋፈል ስለሆነ በቀን ደረጃ ብዙ አይታመንም። ቢሆንም ሦስት ወር የቆመው ሥራ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ዕዳዬን ለመክፈል ብዙ አልጠበቅኩም። እሷ የምትቀበለው የጤና ተቋማት ሪፖርት በኢትዮጵያ ወር ነው፤ የሳተላይቱ መረጃ በአውሮፓ ወር። ጳጉሜንን ነሐሴ ላይ ደርባ ስትሠራ ቆይታለች። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 12 ላይ እንደሚውል አገናዝቦ ቀናትን የሚቀይር አጭር የፓይተን ኮድ ጽፌ ስለነበር ሰጠኋት። በማግስቱ ተመለሰች። አልሠራም። ኮዱ ፋይሉን የሚፈልገው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ካለ ማኅደር ውስጥ ነበር፤ የፋይሉ ስምም «የመጨረሻ አዲስ 2» ነው። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ኮድ ከማካፈሌ በፊት ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ እኔ አጠገቡ ሳልቀመጥ፣ እንዲሠራ አድርጌ እሞክረዋለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ መገናኘት የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። የስንዴ ዋግ ብናኝ በነፋስ ወዴት እንደሚጓዝ የሚያሰላ ባልደረባ መጣ፤ በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰርም ጋብዘናቸው መጡ። የመጀመሪያው ወር ከሸፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፕሮጀክተር አዘጋጀሁ። ሰው ያማረ ውጤቱን እያሳየ ይቀመጣል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ማንም የሚናገረው የለም። የተጠናቀቀ ሥራ ላይ ምን ይባላል? ፕሮፌሰሩ ናቸው በአምስተኛው ሳምንት ቁርጥ ያለ ነገር የተናገሩት፤ «የሚሠራውን ለመጽሔት አስቀምጡት፤ እዚህ የማይሠራውን ይዛችሁ ኑ።» እሳቸው ራሳቸው ለዓመታት ያስቸገራቸውን ስሌት በሚቀጥለው ሳምንት ይዘው መጡ። አንቱ የምንላቸው ሰው «እዚህ ጋ ገደል ገባሁ» ሲሉ ከሰማን በኋላ የወጣቶቹ አፍ ተፈታ። ከፕሮጀክተር ይልቅ አንድ ገጽ ወረቀት እንዲበቃ ተስማማን።

በግልጽ የማይወራው ትልቁ እንቅፋት ግን ሐሳብ መሰረቅ ነው። ከመካከላችን አንዱ ቀደም ሲል ለአንድ ሰው ያካፈለውን ሐሳብ ታትሞ አይቶታል፤ ስሙ የትም ቦታ አልነበረም። እንዲህ የሆነበትን ሰው «እንተማመን» ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ያደረግነው ነገር ተራ ነው፤ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛን። ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ምን እንደመለሰ፣ በየትኛው ቀን፣ በእጅ ጽሑፍ ይሰፍራል። የጥናት ጽሑፍ ደራሲነት ወይም ምስጋና ሲመጣ ደብተሩ ይገለጣል። እኔ የጉማራን ጽሑፍ ወደ መጽሔት በላክሁ ጊዜ የወባ ባልደረባዬን ስም በደራሲነት አስገብቻለሁ፤ አንዳንዶች በአንድ ጥያቄ ደራሲ ይኮናል ወይ ብለውኛል። የሦስት ወር ሥራዬን ያዳነ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ይበቃል።

የቴሌግራም ቡድንም ከፍተን ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው የእንኳን አደረሳችሁ መለዋወጫ ሆነና ተውነው። ለኮድ የያዝነው ጊት የተባለውን፣ በኮድ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ሊኑክስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓቱ ሥራ ሲፈጥረው ስለ እኛ ኢንተርኔት ያሰበ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሙሉው የሥራ ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው አይቋረጥም። ዋናውን ቅጂ አንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አድርገነዋል፤ ለመስክ የሚወጣ ሰው በፍላሽ ይዞት ይሄድና ሲመለስ ለውጡን ያዋሕዳል። ለማስተማር ግን ከጠበቅኩት በላይ ጊዜ ወስዷል፤ እስከ ዛሬም ፋይል በኢሜይል የሚልክልኝ አለ።

ቁጥራችን ከአሥር ሲያልፍ ጨዋታው ደበዘዘ፤ ሰው ደካማ ጎኑን በብዙ ዓይን ፊት አያወጣም። ለሁለት ተከፈልን። የእኛው ቡድን ስድስት ሰው ነው።

ነገ ሐሙስ ተራው የእኔ ነው። ሞዴሌ ነሐሴ ላይ በወንዙ መለኪያ ከተመዘገበው በላይ ውሃ ያወጣል። ጉማራ ወደ ጣና ሲወርድ በሚያቋርጠው በፎገራ ሜዳ ላይ ከዳርቻው ገንፍሎ ሳይለካ የሚቀረው ውሃ ነው ብዬ ለመከራከር አስባለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ግን መጀመሪያ ኮዴን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ገጹን እየጻፍኩ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ገጽ እንዳልሻገር የዋግ አጥኚው አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል።