የእማዬ ዳግምና የመርከቡ ደንብ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ እማዬ ጓዳ በር ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። ከቨርጂኒያ ከመጣሁ ዘጠኝ ቀኔ። ስምንቱን በሰላም አለፍኩ። ዛሬ ጠዋት እማዬ ድፍድፉን እሳት ላይ ጥዳ፣ የእንስራውን አፍ በሊጥ እየመረገች፣ ዞር እንኳን ሳትል ጠየቀችኝ።

«ያ አምና የላክሁልህ ዳግም አረቄ እንዴት ነበር? ጠጣችሁት?»

ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ ነው። በስልክ ስታነሳብኝ «ኧረ አይሰማም፣ እየተቆራረጠ ነው» እያልኩ አመልጣታለሁ። ዛሬ በምን ልማካኝ? በእኔና በእሷ መሀል ያለው የእሳቱ ጭስ ብቻ ነው። እውነቱን ተነፈስኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ መርከብ ለመሳፈር የምታስቡ ካላችሁ የኔን ሞኝነት አትድገሙት።

አምና እህቴ አርባ ዓመት ሞላኝ ብላ «ዘንድሮ መርከብ ካልሄድን» አለች። ሰባት ሌሊት፣ ከማያሚ ተነስቶ ካሪቢያን ደሴቶችን ዞሮ የሚመለስ። እሷ፣ ባሏ፣ ሁለት ጓደኞቿና እኔ፣ አምስት ሆንን። ዋጋው መጀመሪያ ሲታይ ርካሽ ነው። መኝታው ተከፍሏል፣ ምግቡ ተከፍሏል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንኳን ፒዛ አለ። ታዲያ የት ያገኙናል ብዬ ሳስብ መጠጡ ላይ ደረስኩ። አንድ ኮክቴል 14 ዶላር፣ በላዩ ላይ ደግሞ 18 በመቶ የአገልግሎት። በቀን ይህን ያህል ከፍላችሁ እንደልብ ጠጡ የሚባል ፓኬጅም አለ፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ካሉት አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም መግዛት አለበት። የእህቴ ባል በመድኃኒት ምክንያት መጠጥ ካቆመ ቆይቷል። ለማይጠጣ ሰው በቀን ከ60 ዶላር በላይ!

ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ከገቢያቸው ሲሶ ገደማ የሚሆነውን የሚያገኙት ከቲኬቱ ሳይሆን ሰው ከተሳፈረ በኋላ መርከቡ ላይ ከሚያወጣው ገንዘብ ነው። ከመጠጡ፣ ከቁማሩ፣ ከጉብኝቱ። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ሰው ለምን እንደማይወደድ ይገባኝ ነበር።

የያኔ ሂሳቤ ግን ሌላ ነበር። እማዬ በመንገደኛ የላከችልኝ ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ዳግም ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል። ዳግም ለማታውቁት፣ ከድፍድፉ መጀመሪያ የሚወርደው ተራ አረቄ ነው፤ እሱ እንደገና ተጥዶ ሲወርድ ዳግም ይሆናል። አልኮሉ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እማዬ የምትፈትነው በእሳት ነው። ጠብ ታደርግና ክብሪት ትጭራለች፤ ሰማያዊ ሆኖ ካልነደደ ለሰው አትሸጥም። ያንን ይዘን በእራት ሰዓት ኮካ ጠርሙስ ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረግን ሳምንቱን መግፋት ነው እቅዴ።

እህቴ ነርስ ናት፤ የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ካላነበበች አትተኛም። የመርከቡንም ደንብ አንብባለች። «ይወስዱብሃል» አለችኝ። «ውኃ ነው የሚመስለው፣ ማን ያውቃል?» አልኳት። ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል መፍራት ነበረብኝ።

እህቴ ያነበበችው ይህ ነው፤ በብዙዎቹ ድርጅቶችም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዕድሜው ለመጠጥ የደረሰ እያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ወይም ሻምፓኝ ይዞ መግባት ይችላል። ያልተከፈተ፣ እንደታሸገ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ፣ ያውም ተረክበው በሚወስዱት ትልቅ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ቦርሳ። ቢራ ክልክል ነው። ውስኪ፣ ቮድካ፣ አረቄ ክልክል ነው። መንገድ ላይ ደሴት ወርደህ ሩም ብትገዛ ስትመለስ በር ላይ ይቀበሉሃል፣ ስምህንና የክፍል ቁጥርህን ለጥፈው ያስቀምጡታል፣ በመጨረሻው ሌሊት ይሰጡሃል። ይዘህ የገባኸውን ወይን ክፍልህ ውስጥ ብትጠጣ ማንም አይጠይቅህም። ምግብ አዳራሽ ይዘኸው ከወረድክ ግን ትከፍላለህ፤ ኮርኬጅ ይሉታል፣ የቡሽ ማስከፈቻ እንደማለት። የኛ መርከብ 15 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ የሚያስከፍልም ጨርሶ የማያስከፍልም አለ፤ ደንቡም በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን መርከብ እዩ።

ከቨርጂኒያ ማያሚ ከ15 ሰዓት በላይ ነድተን ደረስን። ሻንጣችንን ወደብ ላይ አስረክበን፣ የእጅ ቦርሳችንን ይዘን ገባን። ማታ የሁሉም ሻንጣ በየበሩ ቆሞ ይጠብቃል። የኔና የእህቴ የለም። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ታች ፎቅ ውረዱ ይላል።

ወረድን። ጠባብ ክፍል ነው፤ ሻንጣዎች ተደርድረዋል፣ ባለቤቶቻቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተራ ይጠብቃሉ። የዩኒት ሊደር ቢሮ በር ላይ እንደቆመ ተማሪ። ከፊቴ የነበረው ሰው የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ውስጥ ቮድካ አረንጓዴ ቀለም ነክሮ አምጥቷል። ያዙት። የኔ ተራ ደረሰ። ጥበቃው ሃይላንዱን አነሳ፣ ብርሃን ላይ አየው፣ ነቀነቀው። ላይኛው ላይ የአረፋ ቀለበት ሠራ። ክዳኑን ከፈተና አፍንጫውን አስጠጋ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ውኃ ነው?» አለኝ።

«ፀበል ነው» ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እኛ አገር ፀበልም የሚያዘው በሃይላንድ ነው፣ ማን ይጠራጠራል! ግን የእማዬን አረቄ ፀበል ብሎ መዋሸት ሁለት ኃጢአት መስሎ ታየኝና ተውኩት። እናቴ የሠራችው ነው አልኩት። ፈገግ አለ፣ ወረቀት አስፈረመኝና ሁለቱንም ሃይላንድ ከጀርባው ካለ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ከተተ። ይመለሳል ወይ ስለው ይጣላል አለኝ። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ያወረደችው እዚያ በርሜል ውስጥ ቀረ።

እህቴ ደግሞ ለምን ተጠራች መሰላችሁ? ያን ሁሉ ደንብ አንብባ፣ ለጀበናዋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛ መጥታለች! መርከብ ላይ ማሞቂያ ነገር ሁሉ ክልክል ነው፣ እሳት ይፈራሉ። የሷ ግን ስም ተለጥፎበት ተቀመጠ፣ በመጨረሻው ቀን ተመለሰላት። ጀበናውም ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን መስኮት ላይ ተቀምጦ ባሕር ሲያይ ከረመ።

የልደቷ ዕለት ማታ እራት ላይ ከቦርሳዋ ጠርሙስ አወጣች። ጠጅ! አሜሪካ ውስጥ ተጠምቆ፣ ታሽጎ፣ የማር ወይን ተብሎ ሱቅ የሚሸጥ ነው፣ ልክ 750 ሚሊ ሊትር። ወይን ስለሆነ በደንቡ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን በእጅ ቦርሳዋ ይዛው ስትገባ ማንም ቃል አልተናገራትም። በነጠላ የተጠቀለሉ አምስት ብርሌዎችንም አስከተለች። ስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ ይህችን ሴት ገና አላወቅኳትም።

አስተናጋጁ ፊሊፒናዊ ነው። ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ይዞ መክፈቻውን ከኪሱ ሲያወጣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ሆኖ አገኘው። ቡሽ የለውም! መክፈቻውን ወደ ኪሱ መለሰ። ብርሌውን አንስቶ አገላበጠው፣ አንገቱ የት ላይ እንደሚያዝ ቸገረው፣ ከዚያ እንደ ወይን ብርጭቆ አዘንብሎ ሲቀዳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እህቴ ጠርሙሱን በቀስታ ከእጁ ወስዳ ብርሌውን አስቁማ በቀጭኑ ቀዳችለት። ቆሞ አያት። ሒሳቡ ሲመጣ ያው 15 ዶላሩ አለ። ቡሽ ለሌለው ጠጅ የቡሽ ማስከፈቻ! የተረፈውን ደግሞ የክፍላችንን ቁጥር ጽፎ ወሰደው፤ በማግስቱ ማታ ሳንጠይቀው ራሱ ይዞልን መጣ። እውነት ለመናገር በ15 ዶላሩ አልተቆጨሁም። ጠጁ ከሞጣ ማር ከተጣለው ጋር አይወዳደርም፣ ጌሾው ያንሳል፣ ስኳር ስኳር ይላል። ግን ባሕር መሀል ላይ ብርሌ ጨብጦ እህትን «እንኳን ተወለድሽ» ማለት ይጣፍጣል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ስነግራት እጇ አልቆመም። ሸምበቆውን ከእንስራው አፍ ወደ ተቀባዩ ገጥማ፣ ተቀባዩ የተዘፈዘፈበትን ውኃ በእጇ ትለካለች፤ ለብ ሲል ቀድታ ታፈሳለች፣ ቀዝቃዛ ትጨምራለች። ውኃው ከሞቀ እንፋሎቱ ወደ አረቄ አይመለስም። ኮርኬጁ ላይ ስደርስ ግን ቀና አለች።

«ኧረግ! የራሳችሁን ጠጅ ጠጥታችሁ 15 ዶላር? በብር ስንት ነው?»

ነገርኳት። አማተበች። እኔም እሷን ደጋፊ አገኘሁ ብዬ ስለ መርከቡ ስግብግብነት ልቀጥል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ገና ተማሪ ሆኜ፣ ይህ ቤት ከአሁኑ የበለጠ ሰው የሚገባበት አረቄ ቤት ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከቡሬ ሲመጣ እዚህ ያድራል። አንድ ማታ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ አንድ አንድ መለኪያ አዘዙ። ሰዓት አለፈ፣ መለኪያቸው አይጎድልም። እማዬ ቆሎ የምታቀርብ መስላ ጎንበስ አለች፤ ሹፌሩ ካፖርቱ ሥር የቡሬ አረቄ በጠርሙስ ይዞ እየሞላላቸው ነው። ጠርሙሱን ከእጁ መንጭቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«በገንዘቤ የገዛሁት ነው» አላት።

«ጠርሙሱ ያንተ ነው። ወንበሩ የኔ፣ ቆሎው የኔ፣ መለኪያውን የማጥበውም እኔ። እዚህ ልትጠጣው ካልህ በመለኪያ 50 ሳንቲም፤ ካልሆነ ስትወጣ ውሰድ።»

አልከፈለም። ተኮራርፎ ወጣ፣ በንዴት ጠርሙሱንም ረሳው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ እኔን ቀሰቀሰችኝና ጠርሙሱን አስይዛ መኪናው የሚያድርበት ድረስ አስሮጠችኝ። ሞተሩን አስነስቶ ነበር የደረስኩት።

ይህንኑ አስታወስኳት። ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «ታዲያ ልክ ናቸዋ!» አለች። «ድግስ ቤትና ንግድ ቤት አንድ ነው እንዴ? ለሠርግና ለተዝካር ገንቦ ጠላ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ለሁሉም ነው የሚያመጣው። ከነጋዴ ቤት ተቀምጦ የራሱን የሚጠጣ ግን ይክፈል።» ባለፈው እሁድ ባሕር ዳር ሠርግ ሄደን አዳራሹ በየውስኪ ጠርሙሱ ሲያስከፍል ዘመዶቻችን ሁሉ ሲያጉረመርሙ፣ እሷ ለምን ዝም ብላ ክትፎዋን እንደበላች አሁን ገባኝ።

ከዚያ ውኃውን በእጇ ለካችና ዞር ብላ አየችኝ።

«ስትወርድ መለሱልህ?»

«አልመለሱም እማዬ። ተጣለ።»

«እኔ ለቡሬው ልጅ መልሻለሁ።»

ሌላ ምንም አላለችም። ተቀባዩ ውስጥ አረቄው መጠራቀም ጀመረ። መለኪያ አምጥታ ከተቀባዩ ግማሽ ቀዳች፣ ጠብ አደረገችና ክብሪት ጫረች። ሰማያዊ። የቀረውን ሰጠችኝ።

«ይችን እዚሁ ጠጣ» አለችኝ። «ከዚህ በር አታልፍም።»