ዱላ ቅብብል

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። እንዲህ ባለ ቀን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ጠረጴዛው ላይ የታናሽዬ ላፕቶፕ እንደተከፈተ ነው። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሲስተም) ያለበት ፍላሽ ጎኑ ላይ ተሰክቷል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። «ፍላሹ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብላኝ ነው የተኛችው።

«ተበላሽቷል» የሚለውን ቃል አልወደውም። ሰውን ሌላ ፍላሽ ያስገዛዋል እንጂ መልስ አይሰጠውም። ኮምፒውተር የሚነሳው በዱላ ቅብብል ነው፦ ፈርምዌሩ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ባዮስም የሚሉት የመጀመሪያው ፕሮግራም) ለሺም (ፊርማ ላለበት ትንሽ ማስነሻ)፣ ሺም ለግረብ (የሚነሳውን ለሚያስመርጠው ዝርዝር)፣ ግረብ ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) ያቀብላል። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከፊቱ የቆመውን ሯጭ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ዱላው ማን እጅ ላይ እንደቀረ ነው።

ይህች ሰረዝ ለምሳሌ ብዙ ትናገራለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ላፕቶፑ በድሮው የሌጋሲ መንገድ ለመነሳት ሲሞክርና ፍላሹ ግን ዩኢኤፍአይ ለሚባለው ለአዲሱ መንገድ ብቻ ሲዘጋጅ ነው። የማስነሻ ምርጫው ሲከፈት (ሌኖቮና ዴል ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ፤ ኤሰር ላይ ኤፍ12 ቢሆንም አስቀድሞ በኤፍ2 ገብቶ መፍቀድ ሊያስፈልግ ይችላል) ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ ፊቱ ላይ ዩኢኤፍአይ የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። ያለውን መምረጥ ነው።

ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ፈርምዌሩ ላይ ፋስት ቡት በርቶ ከሆነ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ዩኤስቢዎቹን ሳይቀሰቅስ ያልፋል። ዊንዶውስ ያለበት ላፕቶፕ ደግሞ ሻት ዳውን ሲባል በደንብ አይጠፋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ነው። ሺፍትን ተጭኖ ማጥፋት ወይም ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የማየው ስህተት ግን ፍላሹ ውስጥ ነው። ከፍቼ ስመለከተው አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል (ሲስተሙ በሙሉ የታጨቀበት ምስል) ብቻውን ተቀምጦ አገኛለሁ። እንደ ተራ ፋይል ተቀድቷል እንጂ እንዲነሳ ሆኖ አልተጻፈም። ፈርምዌሩ የሚፈልገው ፋት በተባለው ፎርማት ላይ ያለ ኢኤፍአይ የሚል ፎልደር፣ ውስጡ ቡት የሚል ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ቡትኤክስ64 የሚባል ፋይል ነው፤ የአይኤስኦውን ሆድ ከፍቶ አይፈልግም። ሰውየው ፋይሉ ከ4 ጊጋ ስለበለጠ ፋት32 አልቀበል ብሎት በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ሲያደርገው ደግሞ ችግሩ ይደረባል፤ ብዙ ፈርምዌር ኤንቲኤፍኤስ ማንበብ አይችልም።

ሊኑክስ ላይ ዲዲ በሚባለው የመጻፊያ ትእዛዝ ሲጻፍ መድረሻው ሙሉው ፍላሽ፣ ለምሳሌ ኤስዲቢ ነው፤ ክፍልፋዩ ኤስዲቢ1 አይደለም። 1 ከተጨመረ ምስሉ ክፍልፋዩ ውስጥ ይቀበርና ፈርምዌሩ አያየውም። ከዚያ በፊት ዲስኮቹን በሚዘረዝረው በኤልኤስቢኤልኬ ትእዛዝ መጠኑን አይቶ ፍላሹ የቱ እንደሆነ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ አንድ ፊደል ከተሳተ የሚጠፋው ዋናው ዲስክ ነው፣ መመለሻም የለውም። ትእዛዙ አለቀ ሲል ዳታው ገና ሜሞሪ ላይ ሊሆን ስለሚችል ኤፍሲንክ የሚለውን አማራጭ ሁልጊዜ እጨምራለሁ። የወረደውን ፋይል ኤስኤችኤ256 ቁጥር (የፋይሉን አሻራ) ከመጻፌ በፊት አውጪው ካስቀመጠው ጋር አስተያያለሁ፤ የኢንተርኔት መስመር ሲቆራረጥ ፋይል ጎዶሎ ይወርዳል።

ላዩ ላይ 64 ጊጋ የሚል ታትሞበት እውነተኛ አቅሙ ግን ትንሽ የሆነ ፍላሽም አለ። ተንኮሉ መጀመሪያው ጤነኛ መሆኑ ነው። የግረብ ዝርዝር ይመጣል፣ ይመረጣል፣ ጽሑፉ ይሮጥና ኢኒትራምፍስ (ሊኑክስ ሲነሳ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሲስተም) የሚል ምልክት ላይ ይቆማል፤ ቀሪው ሲስተም የተጻፈበት ቦታ በእውኑ የለማ። ኤፍ3ፕሮብ የሚባለው መፈተሻ እውነተኛውን አቅም ያወጣዋል፤ ሳልፈትሽ ፍላሽ ላይ አልጽፍም። እውነተኛ ፍላሽ እዚያው ላይ ከቆመ ግን ከዩኤስቢ 3 ወደ 2 ቀዳዳ መቀየሩ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ወደዚህኛው ስመለስ፣ ሌጋሲውን ዘጋሁት። ሰረዟ ጠፋች። በምትኩ ሴኪዩር ቡት (የታመነ ፊርማ የሌለውን ማስነሻ የሚከለክለው ጥበቃ) ፊርማውን አልቀበልም አለኝ።

እዚህ ላይ የሚናገረው ማን እንደሆነ መለየት ይገባል። የፈርምዌሩ የራሱ ሳጥን ከሆነ ሺምን ራሱን አልተቀበለውም ማለት ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች የማይክሮሶፍትን የሦስተኛ ወገን ሰርተፍኬት (የሌሎችን ማስነሻ የሚፈርምበትን) ዘግተው ነው የሚመጡ፣ ባዮስ ገብቶ መፍቀድ ይበቃል። ሺም ተነስቶ 0ኤክስ1ኤ የሚል ቁጥር ካሳየ ያልተቀበለው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ቬንቶይ የሚባለው የማስነሻ መሣሪያ ያለበት ፍላሽ ላይ ቁልፉ ካልተመዘገበ የሚመጣው ይህ ነው። ኤስባት የሚል ቃል ካለ ደግሞ ሺሙ አርጅቶ ተሽሯል፤ አዲስ አይኤስኦ ማውረድ ነው። ሴኪዩር ቡትን ከመንካት በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፎ ከሆነ ባለ 48 አሃዙ የመመለሻ ቁጥር በእጅ መኖር አለበት። ያለሱ ፋይሉ ሁሉ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

ይህን ሁሉ እያየሁ ያ ሰርተፍኬት አእምሮዬን ያዘው። ብዙዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ሴኪዩር ቡት በበራበት ላፕቶፕ ላይ ሲነሱ የኖሩት በማይክሮሶፍት የ2011 ሰርተፍኬት በተፈረመ ሺም ነው። የሰርተፍኬቱ ዕድሜ እስከ ፈረንጆቹ ጁን 2026 ነው፤ ተተኪው የ2023ቱ ነው። ፈርምዌሮች በአብዛኛው ቀኑን ስለማይመለከቱ አሮጌው ሺም መነሳቱን አያቆምም። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ በአዲሱ ብቻ የሚፈረመው ሺም ላይ ነው፦ የ2023ቱ ሰርተፍኬት ላፕቶፑ ውስጥ ካልገባ አያውቀውም፣ አያስገባውም።

አንዱ ማስገቢያ ባዮስ ማደስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ኤፍደብሊውዩፒዲ የሚባል የፈርምዌር ማደሻም አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ ለሚኖር ግን ይህ ቀላል አይደለም። አምራቹ ማደሻ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል። ማደሻ ቢገኝ እንኳ ብዙዎቹ ቻርጀርም በቂ የባትሪ ክፍያም ካላዩ እሺ አይሉም፤ ባትሪው ደግሞ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ባትሪ ሳይጠይቅ የሚጀምር ካለ ይብሳል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ፕሮግራመር የሚባለው የቺፕ መጻፊያ መሣሪያ ከሌለ ላይመለስ ይችላል። በዚህ ከተማ መብራት አይሄድም ብሎ የሚምል ማን አለ?

ሴኪዩር ቡትን መዝጋት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ፍላሹም ወዲያው ይነሳል፣ ለብዙ ሰው እኔው ነኝ የዘጋሁለት። ግን ያ ቁልፍ ከሲስተሙ በፊት ተደብቆ የሚነሳ ክፉ ፕሮግራምን የሚከለክል ነው፤ ታናሽዬ ደግሞ ላፕቶፑን በየሰው እጅ የምታዘዋውር ልጅ ናት። በር እንዳላት የማታውቅን ልጅ በሯን ከፍቼባት መሄዴ ነው? ወይስ ዘንድሮ ቆልፌ ብሰጣት፣ የሚቀጥለው ፍላሽ እምቢ ሲላት ማን ከጎኗ ይኖራል?